ሊጡ የሚያድርበት ዕቃ

  

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፤ ሥራችሁንና ገበያችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። በተለይ ሊጥ አቡክታችሁ፣ ልጅ አስተኝታችሁ የመጣችሁ እናቶች፣ የዛሬው ንግግሬ ከሁሉ በፊት ለእናንተ ነው።

«ለምጣዱ ሲባል አይጧ ትለፍ» ይላሉ አባቶቻችን። አይጧ ምጣዱ ላይ ወጥታለች፤ በዱላ ቢሏት ምጣዱ ይሰበራል፤ ስለዚህ ትለፍ። ይህን ተረት ያወጣ ሰው ምጣድ በቤቱ ምን ያህል የከበረ እንደሆነ ያውቅ ነበር። ዛሬ ግን ምጣድና ድስት፣ ባልዲና ሳፋ ከየትም ይመጣሉ። ከየት እንደመጡ፣ ከምን እንደተሠሩ፣ ቀድሞ ምን እንደተያዘባቸው ሳንጠይቅ ሊጣችንን እናሳድርባቸዋለን። እኔ የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። ልጆችን ስለ አሲድና ስለ ብረታ ብረት ሳስተምር ዓመታት አልፈዋል፤ ጥቁር ሰሌዳው ላይ የጻፍኩት ነገር እናቴ ጓዳ ውስጥ በየሌሊቱ ይካሄድ እንደነበር የገባኝ ግን ዘግይቶ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከእርሾው ነው። እርሾ የገባበት ሊጥ ሲያድር ምን እንደሚሆን ሁላችሁም በአፍንጫችሁ ታውቁታላችሁ። ዓይን የማያያቸው ሕያዋን በዱቄቱ ውስጥ ያለውን ስኳር እየበሉ አየርና ኮምጣጣ ነገር ይተዋሉ። አየሩ የእንጀራውን ዓይን ያወጣል፣ ድፎውን ያስነሣል። ኮምጣጣው ጣዕም ይሰጣል፣ ሊጡንም ከብልሽት ይጠብቃል። የኮምጣጣነት ልክ ፒኤች በሚባል መለኪያ ይለካል፤ ንጹሕ ውኃ 7 ነው፣ ቁጥሩ ሲወርድ ኮምጣጣነቱ ይጨምራል። በደንብ የቦካ የጤፍ ሊጥ ወደ 4 ይወርዳል፤ ከ4 በታች የሚገባበትም ጊዜ ብዙ ነው። ደጋ ላይ ሦስት ቀን የሚፈልግ ሊጥ እኛ ዘንድ፣ በቦርከና ሸለቆ ሙቀት፣ ፈጥኖ ይደርሳል። ዛሬ ማታ አቡክታችሁ ነገ ካልጋገራችሁት ደግሞ እየኮመጠጠ ይሄዳል።

ይህ ኮምጣጣነት ለጤናችን በረከት ነው። በእህል ውስጥ ፋይቴት የሚባል ነገር አለ፤ ብረትንና ዚንክን ጠፍንጎ ይይዝና ሰውነታችን ሳይጠቀምባቸው እንዲያልፉ ያደርጋል። ሊጡ በቆየ ቁጥር ፋይቴቱ ይፈርሳል፤ የታሰረው ብረትም ይፈታል። ቀኑን ጠብቆ በእርሾ የቦካ እንጀራና ዳቦ ተቸኩሎ ከተጋገረ ቂጣ የሚበልጥበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ግን ያው ኮምጣጣ የተቀመጠበትን ዕቃም ይነካል። ከእህሉ ብረትን የሚፈታ ነገር፣ ከሳፋው ዚንክን፣ ከድስቱ አልሙኒየምን፣ መጥፎ ከገጠመን ደግሞ እርሳስን ይፈታል።

በእኛ ቤት የሆነውን ልንገራችሁ። ልጅ ሳለሁ ለዒድ እንግዳ ይበዛ ነበርና የማሽላና የጤፍ ሊጡ ከሸክላው ቡሃቃ አልፎ ተረፈ። እናቴ የተረፈውን አዲስና የሚያብለጨልጭ የቆርቆሮ ሳፋ ውስጥ አደረገችው። ሁለት ሌሊት አደረ። በሦስተኛው ቀን ሳፋው ሊጡ የነካውን ያህል ደብዝዞ፣ ነጣ ብሎ ነበር። እንጀራው ምላስ ላይ ሳንቲም የላሰ ሰው የሚያውቀው ዓይነት ጣዕም ነበረው። ሁለት ታናናሾቼ ከበሉ በኋላ ሆዳቸውን አሟቸው አስመለሱ። «ዓይን በላቸው» ተባለ። ዛሬ ሳስበው ቆርቆሮው የተለበጠበት ዚንክ በኮምጣጣው ሟሙቶ ሊጡ ውስጥ የገባ ይመስለኛል። ዚንክ በጥቂቱ ሰውነት የሚፈልገው ማዕድን ነው፤ ሲበዛ ግን ሆድ አይችለውም፣ ወዲያው ያስመልሳል። እናቴ ጥፋት አልሠራችም። አዲስና ንጹሕ ዕቃ መርጣ ነበር፤ ዕቃው ለውኃ እንጂ ለእርሾ እንዳልተሠራ የነገራት ሰው አልነበረም።

ዚንክ ቢያንስ ራሱን ይናገራል፤ ጣዕም አለው፣ ያስመልሳል። የሚያስፈራኝ ዝም የሚለው ነው፤ እርሱም እርሳስ ነው።

እዚህ ላይ ልጆች እንዳይሳሳቱብኝ አንድ ነገር ላርም። በአማርኛ የምንጽፍበትን እንጨትም «እርሳስ» እንለዋለን። የምንጽፍበት እርሳስ ውስጥ ያለው ጥቁር ነገር ግራፋይት ነው፣ የከሰል ዘመድ፤ አይመርዝም። እኔ የምለው እርሳስ በመኪና ባትሪ ውስጥ ያለው፣ ከባዱና ለስላሳው ብረት ነው። ይህ እርሳስ ሽታ የለውም። ልጁን አያስመልሰውም፣ አያተኩሰውም። የዓለም ጤና ድርጅት ለእርሳስ «ይህን ያህል ቢሆን ጉዳት የለውም» የሚባል መጠን እንደሌለ በግልጽ ይናገራል። ሕፃን ከአንድ ምንጭ ከሚያገኘው እርሳስ ወደ ሰውነቱ የሚያስገባው ከአዋቂ አራትና አምስት እጥፍ ነው። እርሳሱ የካልሲየምን ቦታ ነጥቆ አጥንት ውስጥ ይገባና ለዓመታት ይቀመጣል፤ እናት ስታረግዝ ከአጥንቷ ወጥቶ ወደ ፅንሱ ይሻገራል። ጉዳቱ በልጁ አእምሮ ላይ ነው፤ ትምህርት አልገባው ይላል፣ ትኩረቱ ይበተናል። መምህሩ «ሰነፍ» ይለዋል። እኔም ስንቱን ልጅ ሰነፍ ብዬ ይሆን ብዬ አስባለሁ።

እርሳስ ድስት ውስጥ እንዴት ይገባል? አንድ ሰው ሆን ብሎ ስለሚጨምረው አይደለም። በአፍሪካና በእስያ ብዙ ከተሞች ድስት የሚሠራው ከውዳቂ ነው። የሞተር ስብርባሪ፣ የመኪና ዕቃ፣ ሽቦ፣ ቆርቆሮ አንድ ላይ ቀልጦ በአሸዋ ቅርጽ ውስጥ ይፈስሳል። የእኛው የመርካቶ ምናለሽ ተራ ውዳቂን ወደ ዕቃ በመለወጥ ጥበቡ የታወቀ ነው፤ ያንን የእጅ ጥበብ አከብራለሁ። ችግሩ ከጥበቡ አይደለም፣ ከሚቀልጠው ነገር ነው። አልሙኒየም ለመቅለጥ 660 ዲግሪ ይፈልጋል፣ እርሳስ በ327 ዲግሪ ይቀልጣል። እሳት እርሳስን አያጠፋውም፤ ይቀልጥና ከአልሙኒየሙ ጋር አብሮ ድስት ይሆናል።

በ2014 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች ካሜሩን ውስጥ ከውዳቂ የተሠሩ ድስቶችን መረመሩ። በ2017 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኬንያንና ታንዛኒያን ጨምሮ ከ10 አገሮች 42 የአልሙኒየም ማብሰያዎችን ሰብስበው፣ እንደ ኮምጣጤ ያለ ቀጭን አሲድ አፍልተውባቸው፣ የሚወጣውን ለኩ። ከ42ቱ አንድ ሦስተኛው ያህል ለጤና የሚያሰጋ እርሳስ ለቀቁ። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በሲያትል ዙሪያ፣ በኪንግ ካውንቲ፣ ከአፍጋኒስታን በመጡ ስደተኞች ልጆች ደም ውስጥ እርሳስ ሲበዛ ምንጩ ተፈልጎ፣ ቤተሰቦቹ ከአገራቸው ይዘዋቸው የመጡ የአልሙኒየም ድስቶች ተገኙበት። የዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ከዚያ ተነሥቶ በ2024 እ.ኤ.አ. በማብሰያ ዕቃ ውስጥ ያለውን እርሳስ የሚገድብ ሕግ አወጣ። እነዚያ እናቶች ያደረጉት እኛም የምናደርገውን ነው፤ የእናታቸውን ድስት ይዘው ተሰደዱ።

ወጥ አንድ ሰዓት ቢፈላ ነው። ሊጥ ግን ሁለትና ሦስት ቀን ያድራል። ሳይንቲስቶቹ ቀጭኑን አሲድ ያፈሉት ለጥቂት ሰዓት ነበር። ኮምጣጣ ነገር ከዕቃ ጋር በቆየ ቁጥር የሚሟሟው ይጨምራል። ስለዚህ «በምን ልጋግር?» ከማለት በፊት «በምን ላሳድር?» ማለት ይገባል። ብዙዎቻችን ለምጣዱ እንጨነቃለን፤ ሊጡ ምጣዱ ላይ የሚቆየው ግን ደቂቃዎች ነው፣ ዕድሜውን የጨረሰው ሌላ ዕቃ ውስጥ ነው።

በመካከል ደግሞ የምንዘነጋው አብሲት አለ። ከቦካው ሊጥ ተቀንሶ፣ በውኃ ቀጥኖ፣ እሳት ላይ ሲበስል ኮምጣጣውና ሙቀቱ ይገናኛሉ። ዕቃውን አብዝቶ የሚበላው ኮምጣጣ ነው፤ ሙቀት ሲጨመርበት ይበረታል። በቤታችሁ አንድ ጥሩ የስቴንለስ ስቲል ድስት ብቻ ካለችና ለምን ላድርጋት ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ መልሴ አይወላውልም፤ ለአብሲት አድርጓት። ለወጥ ሌላ ይገኛል።

ስለ አልሙኒየም ራሱ ፍርዴ ለዘብ ያለ ነው። ከፋብሪካ በደንብ የተሠራ አልሙኒየም በላዩ ስስ ሽፋን አለው፤ ያ ሽፋን ኮምጣጣነት እስኪበረታ ድረስ ይጠብቀዋል፣ ፒኤች ከ4.5 ገደማ ሲወርድ መሳሳት ይጀምራል። የቦካ ሊጥ ደግሞ እዚያው ወሰን ላይና ከዚያ በታች ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና የምግብና እርሻ ድርጅት የጋራ ኮሚቴ በ2011 እ.ኤ.አ. ለአንድ ሰው በሳምንት ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት 2 ሚሊግራም አልሙኒየም የሚታገሥ መጠን ነው ብሏል። ስለዚህ ከፋብሪካ የወጣ የአልሙኒየም ድስት ቤታችሁ ቢኖር አትደንግጡ። ሩዝ ቀቅሉበት፣ ውኃ አፍሉበት። ሊጥ ግን አታሳድሩበት፣ አብሲትም አትሥሩበት። በሽቦ አጥብቆ መፈግፈጉም ሽፋኑን ያነሣዋል፤ ድስት እንዲያንጸባርቅ መውደዳችን እዚህ ላይ ይጎዳናል።

ስለ ብረት ስነግራችሁ ደስ ይለኛል፤ ይኼኛው የእኛ አገር ታሪክ ነውና። በ1999 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው ታላቅ የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት በሰሜን ኢትዮጵያ 407 ሕፃናትን ለአንድ ዓመት ተከታትሏል። አንዱ ወገን በእውነተኛ ብረት ድስት፣ ሌላው በአልሙኒየም ድስት የተሠራ ምግብ በላ። በብረት ድስት የበሉት ልጆች ደማቸው ከሌሎቹ ይልቅ በግልጽ ተሻሻለ፤ የደም ማነስ ቀነሰላቸው። ብረቱ ወደ ምግቡ የገባው ልክ እርሳስ በሚገባበት መንገድ ነው፤ እየሟሟ። መንገዱ አንድ ነው፣ የሚሄድበት ግን ይለያያል፤ በአንዱ በረከት በሌላው ጥፋት ያልፋል። ደግሞም ልጅ በሰውነቱ ብረት ሲያጥረው ሆዱ እርሳስን ይበልጥ ይቀበላል። ስለዚህ ብረት የጠገበ ልጅ እርሳስንም በመጠኑ ይቋቋማል።

ግን ቋንቋችን እዚህ ላይ ሊያሳስተን ይችላል። «ብረት ድስት» የምንለው አብዛኛው ብረት አይደለም፣ አልሙኒየም ነው። ጥናቱን የሰማ ሰው «እኔም ብረት ድስት አለኝ» ብሎ ሊረካ ይችላል። ከአሮጌ ስፒከር ውስጥ ማግኔት አውጡና አስጠጉት። ከያዘው ብረት ነው፣ ካልያዘው አልሙኒየም ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ስቴንለስ ስቲልም አይይዝም፤ ክብደቱንና ጥንካሬውን ተመልከቱ። ዚንክ የተለበጠ ቆርቆሮ ግን ውስጡ ብረት ስለሆነ ማግኔት ይይዘዋል፤ ማግኔት ያዘ ብላችሁ ቆርቆሮውን እንዳትመርጡት። ላዩ ላይ የበረዶ ቅርጽ የሚመስል የሚያብለጨልጭ ነጠብጣብ ካያችሁ ዚንክ ነው።

እንግዲህ ምን እንምረጥ?

እኔ ሸክላን እመርጣለሁ። በአፋን ኦሮሞ ኤሌ የምንለው፣ በአማርኛ ምጣድ የሚባለው፣ ከእናቶቻችን የወረስነው ነው። የእኛ ምጣድ መስታወት የሚመስል ልባጥ የለውም። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ እንደ ሜክሲኮ ባሉ አገሮች የሸክላ ዕቃ በእርሳስ የተሠራ አንጸባራቂ ልባጥ ይቀባና ሰዎችን ይመርዛል። የእኛ ምጣድ ጥቁረቱና ልስላሴው ከጭስና ከማሟሸት የመጣ ነው። አዲስ ምጣድ ገዝታችሁ ስታሟሹ የተፈጨ የጎመን ዘር እየነሰነሳችሁ፣ በማሰሻ ደጋግማችሁ ስታሹት፣ ከዘሩ የሚወጣው ዘይት በእሳቱ ይጋገርና ሸክላው ላይ ይጠነክራል። ፈረንጅ የብረት ድስቱን በዘይት ደጋግሞ የሚያቃጥለው ለዚሁ ነው። እናቶቻችን መጽሐፍ ሳያዩ ያወቁት ይህ ጥበብ ነው።

ሸክላውን ለሚሠሩ እጆችም የሚገባቸው ክብር ይሰጣቸው። በአገራችን ሸክላ ሠሪ ሲናቅ ኖሯል፤ እንጀራውን የበላ፣ እንጀራው የተጋገረበትን ምጣድ የሠራችውን ሴት አዋረደ። ይህ ነውር ነው። አዲስ አበባ ቀጨኔ ያሉ ሸክላ ሠሪ ሴቶችም፣ በባቲ የሰኞ ገበያና በሰንበቴ የእሑድ ገበያ ምጣድና ገንቦ ይዘው የሚመጡ ሴቶችም የጤናችን ጠባቂዎች ናቸው። ከእነርሱ ግዙ። ስትገዙም «አፈሩን ከየት አወጣሽው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መኪና ከሚበዛበት መንገድ ዳር ወይም ከባትሪ ጥገና አጠገብ ከሆነ ይቅር። ስንጥቅ እንዳለው በጣታችሁ ኳ አድርጋችሁ ስሙ፤ ሙሉ ምጣድ ድምፁ ጥርት ያለ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ የምትጠቀሙ ደግሞ ስንጥቁን በምንም ነገር እየለደፋችሁ አትጋግሩበት፤ ከሥሩ ሽቦ አለ፣ እጃችሁ እርጥብ ነው።

ለማሳደሪያ የሸክላ ቡሃቃ ወይም የእንጨት ገበታ ካለ ይመረጣል። ፕላስቲክ ከሆነ ለምግብ ተብሎ የተሠራ ይሁን። የቀለም ባልዲ፣ የሞተር ዘይት ጀሪካን፣ የፀረ ተባይ መድኃኒት የተያዘበት ዕቃ አሥር ጊዜ ቢታጠብም ለሊጥ አይሆንም፤ ፕላስቲክ የያዘውን ይመጥጣል፣ ቆይቶም ይለቀዋል። ይህን የምላችሁ የቀለም ባልዲ ውስጥ ሊጥ ያላሳደረ ቤት ብዙ እንዳልሆነ ስለማውቅ ነው። አገራችን በቀለም ውስጥ ያለውን እርሳስ የሚገድብ ደንብ አላት፤ ነገር ግን የቀለም ባልዲ የቀለም ባልዲ ነው። ሊጥና ዳቦ የምንሸፍንበትም ነገር ይታሰብበት። ትኩስ ዳቦ ላይ ፌስታል አትጣሉ፤ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ ይበቃዋል።

ድፎ ለመጋገር ኮባ የምትጠቀሙ፣ ኮባ ባይገኝ የሙዝ ቅጠል የምታነጥፉ፣ ተባረኩ። ቅጠሉ ዳቦውን አያሳርርም፣ መዓዛ ይሰጠዋል። ሌላም ሥራ አለው፤ ኮምጣጣውን ሊጥ ከድስቱ ብረት ይለየዋል። አሁን አሁን ቅጠሉን ትተን ፎይል የምናነጥፍ በዝተናል። ፎይል አልሙኒየም ነው፤ ኮምጣጣ ሊጥ ሲነካው ይበላል። ጋዜጣ የምታነጥፉም ካላችሁ ተዉት፤ ቀለሙ ዳቦው ሥር ይገለበጣል። የማያጣብቅ ጥቁር ልባጥ ያለው ምጣድ ከ260 ዲግሪ በላይ ማሞቅ አይገባም፤ የከሰል ፍም ደግሞ ያንን በቀላሉ ያልፋል። ከላይና ከታች እሳት ለሚወድ ድፎ አልተሠራም።

ወጣት ዳቦ ጋጋሪዎችና የብየዳ ሠራተኞች እዚህ አላችሁ፤ ለእናንተም አንድ ቃል አለኝ። የዳቦ ትሪና ቅርጽ ከላሜራ ስትሠሩ ከአሮጌ በርሜል አትቁረጡ፤ በርሜሉ ምን ይዞ እንደነበረ ቀለሙ አይነግራችሁም። ዚንክ የተለበጠውን ላሜራ አትምረጡ፤ ስትበይዱት የሚወጣው ጭስ ለእናንተም ሳንባ መርዝ ነው፣ ትኩሳት ያመጣባችኋል። ንጹሕ ጥቁር ላሜራ ውሰዱ፣ እንደ ምጣድ በዘይት አሟሹት። ዋጋው ቢጨምር ለደንበኛው ንገሩት፤ ከምን እንደሠራችሁት የሚያውቅ ደንበኛ ደግሞ ይመጣል።

ለአስተዳደርና ለጤና ቢሮ ወንድሞቼና እህቶቼ የምለው አጭር ነው። የሚሸጡ ድስቶችን መርምሩልን። አንድን ዕቃ ሳይሰብር ውስጡ ያለውን ብረት የሚለይ መሣሪያ አለ፤ አንድ ቀን በገበያ ቢዞር ብዙ ነገር ይገልጣል። ይህን ሥራ እናት ብቻዋን በዓይኗ ልትሠራው አትችልም። ከውዳቂ የፈሰሰውን ድስት ከሌላው በማየት መለየት አይቻልም፤ አንዳንዱ ሻካራና ዝንጉርጉር ይሆናል፣ ሌላው ግን እንደ ፋብሪካ ዕቃ ለስላሳ ነው።

እናቶቼ፣ ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ ኩሽናችሁን ሁሉ ለውጡ አልላችሁም፤ አቅማችሁን አውቃለሁ። አንድ ነገር ብቻ አድርጉ። ሊጣችሁ አሁን የሚያድርበትን ዕቃ ክፈቱና ውስጡን በመብራት እዩት። ቆርቆሮ ከሆነ፣ የቀለም ባልዲ ከሆነ፣ የአልሙኒየም ድስት ከሆነ፣ ሊጡን ዛሬውኑ ወደ ሸክላ አዛውሩት። ሸክላ ከሌላችሁ ባቲ ሰኞ፣ ሰንበቴ እሑድ ገበያ ይቆማል።